የአቶ አበጋዝ ዮሐንስ የሕይወት ታሪክ እና የሰነፍ ቆሎው እውነት

አቶ አበጋዝ ዮሐንስ ከአባታቸው ከአቶ ዮሐንስ ገብረ ሕይወትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባይሽ ተሰማ ጥር 11 ቀን 1960 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናታቸው በቅዳሜ ገበያ እህል ቸርቻሪ ነበሩ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የተወለዱት ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ እኔ የመጨረሻዋ እስክወለድ ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ብቻቸውን አደጉ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩትም፣ አሁን የማነብላችሁም እኔ ታናሽ እህታቸው ሽታዬ ነኝ። በዛሬው የቀብር ፕሮግራም ሽፋን ላይ «አቶ» የሚለውን አይታችሁ ያጉረመረማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ዓቢይ «ዶክተር» ተብሎ እንዲታተም አጥብቀው ጠይቀውኝ ነበር። ሃያ ዓመት ዶክተር ስንላቸው ኖረን በመጨረሻዋ ቀን ማዕረጋቸውን መግፈፍ ነውር ነው አሉ። የምን ማዕረግ? ወንድሜ ዶክተር አልነበሩም። እናንተም ይህን ታውቁ ነበር፤ በፊታቸው ዶክተር፣ ዞር ሲሉ ደግሞ የአሳማ ቀላቢ ስትሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለምን ዶክተር ሳይሆኑ እንደቀሩ ግን አታውቁም። እሳቸውም እስከ ሞታቸው ሳምንት ድረስ አያውቁም ነበር። አቶ ዓቢይ ያንን ክፍል ለቀብር አይሆንም፣ አውጪው ብለው ለምነውኛል። አላወጣሁትም። የወንድሜ ኑዛዜ ነው።

አቶ አበጋዝ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በደብረ ብርሃን ተከታትለው በ1982 ዓ.ም. ከዓለማያ በእንስሳት ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው በአንድ የምርምር ጣቢያ በበግና በዶሮ መኖ ላይ አሥር ዓመት ሠሩ። ሰው ገብስ ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል። እሳቸው ከእናታችን የእህል ጆንያ ሥር ተቀምጠው ስላደጉ ነጩን ገብስ፣ ጥቁሩን፣ ማውጌውን፣ ጠመጁንና ሰነፍ ቆሎውን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይለዩ ነበር። ገለፈቱን የማይለቅ ገብስ ለሚያመሰኳ ከብት ደህና እንደሆነ፣ ለዶሮ ግን ያ ገለፈት ሆድ ከመሙላት በቀር ምንም እንደማይጠቅማት ለሰማቸው ሁሉ ያስረዱ ነበር። ለመስማት ትዕግሥት የነበረው ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ኔዘርላንድ ተወልዳችሁ ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። ሰነፍ ቆሎ የተቆላ ነገር አይደለም፣ የገብስ ዘር ስም ነው። ሲወቃ ገለፈቱ በራሱ ይለቃል። ሳይሸከሸክ ለቆሎ ስለሚደርስ ሰነፍም ብትሆን ትቆላዋለች ብለው ባላገሮች ያወጡለት ስም ነው። ወንድሜ ይህ ገብስ ለጫጩት ከሌሎቹ ሁሉ እንደሚበልጥ ገና በጣቢያው ሳሉ ገምተው ነበር። ገለፈት የለውም፣ ኃይልና ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ በየጓሮው አምስትና አሥር ዶሮ ለምታረባ እናት ከሱቅ መኖ ከመግዛት ያሳርፋታል። ግምት ግን ግምት ነው። በሙከራ ማረጋገጥ ፈለጉ። በሕይወታቸው የፈለጉት ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ሲመኙ አልሰማሁም።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አቶ አበጋዝ በመስከረም 2000 የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ኔዘርላንድ መጡ፤ በ2002 የማስተርስ ዲግሪያቸውን በማዕረግ ተቀብለው በዚያው ዓመት ለዶክትሬት ተመዘገቡ። በመካከሉ ጣቢያው ሳሉ በፈረሙት አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ የተነሳ ሁለት ባልደረቦቻቸው ታሰሩ። መመለስ ስላልቻሉ ጥገኝነት ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም። በዚያ ወረቀት ዓለምን መዞር ይቻላል፣ ኢትዮጵያ ግን አይገባም። በ2003 አምስተርዳም ቤተ ክርስቲያን ከተዋወቋቸው ከወይዘሮ ፀጋ ጋር ተጋብተው ቢልመር በሚባለው የከተማው ሰፈር ቤት ይዘው መኖር ጀመሩ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው በየቀኑ በባቡር ይመላለሱ ነበር።

ምርምራቸው አምስቱን የገብስ ዓይነቶች በአሳማና በጫጩት እያበሉ ማወዳደር ነበር። የአሳማ ቀላቢ የሚለው ቅጽል ከዚህ የመጣ ነው። እሑድ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው፣ ያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥግ ይዘው ይቆሙ ነበር። የሚሸሻቸው ሰው እንዳለ ያውቃሉ።

አራቱን የገብስ ዓይነቶች የድሮ ባልደረቦቻቸው ከጣቢያው መጋዘን ላኩላቸው። ሰነፍ ቆሎው ግን በበረዶ ስለተመታ መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ለእኛ ጻፉ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለኝ፤ «ሃያ ኪሎ ሰነፍ ቆሎ፣ ከአንድ ገበሬ የተገዛ፣ ጥሬውን፣ ምንም ሳይነካ» ይላል። ለእናታችን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ።

እናታችን አላመኑም። ልጃቸው አውሮፓ ድረስ ተሻግሮ ለፈረንጅ ዶሮ ከደብረ ብርሃን ገብስ ያስመጣል ማለት ለእሳቸው የማይመስል ወሬ ነበር። ልጄ ርቦታል፣ ራበኝ ማለት አፍሮ ነው በዶሮ ያመካኘው አሉ። ሰነፍ ቆሎን ለዶሮ የሚገዛ ሰው በሠላሳ ዓመት ንግዳቸው አይተው አያውቁም። ጥሬውን ቢልኩለትስ በዚያ አገር የት ይቆላዋል? ሃያ ኪሎ ያለው ለጓደኞቹም ሊያቀምስ ፈልጎ ነው ብለው ደመደሙ። ሁለት ጎረቤት ጠርተው፣ እንዳያርር ጠንቀቅ እያሉ፣ ሽታው መውጣት እስኪጀምር ድረስ ሃያውንም ኪሎ በሁለት ቀን አመሱት። የእናት አንጀት ነው። እናታችንን የሚወቅስ ካለ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።

እኔ ግን ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ «ጥሬውን» የሚለውንም በአፌ አንብቤዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አብዛኛው አልቆ ነበር። የሚወስደው መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት ይነሣል። ደውዬ ልነግራቸው እችል ነበር። ትንሽ ሙቀት ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። የሰነፍ ቆሎው ቀለም ድሮም ወደ ቡናማ ስለሚያደላ መታመሱ ለዓይን አያስታውቅም። ከረጢቱን የሰፋሁት በእጄ ነው።

ከረጢቱ ዩኒቨርሲቲው የደረሰው በመስከረም 2004፣ ልጃቸው ረሆቦት በተወለደችበት ሳምንት ነበር። አቶ አበጋዝ አምስተርዳም ሆስፒታል ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ተራውን ጠብቆ እንደ ሌሎቹ ፈጨው፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀረም። ወንድሜ ሲመለሱ ያገኙት ዱቄት ነው።

የሙከራው ውጤት በየካቲት 2005 ወጣ። ሰነፍ ቆሎ የበሉት ጫጩቶች ከአምስቱም ቡድን ያነሱት ሆኑ። ፕሮቲኑ በወረቀት ላይ አለ፣ ጫጩቶቹ ግን አልተጠቀሙበትም። ሙቀት እንዲህ ያደርጋል፤ ፕሮቲኑን ቆልፎ ይይዘውና ሆድ ውስጥ እንደገባ እንዲሁ ይወጣል። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቁ ጠረጠሩ። ፕሮፌሰራቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ናሙናው ችግር እንደነበረበት የሚያስረዳ አንድ ማስረጃ ካመጡ ሙከራው እንደሚደገም ቃል ገቡላቸው። ወንድሜም ደወሉልኝ። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«ሽታዬ፣ ገብሱ ጥሬ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«ጥሬ ነው፤ እንደተገዛ ነው የላክነው» አልኳቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኤምባሲ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ነበረኝ። ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ እሳቸው ነበሩ። ቢቆጡብኝ፣ ፊርማቸውን ቢያነሱ፣ በዚያው ቀረሁ ብዬ ፈራሁ። ብዙ ዓመት እናቴን እንዳላሳጣ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ለእናቴ ብዬ አልነበረም። እናታችን በ2011 እስካረፉ ድረስ ልጃቸው ያንን ቆሎ ከጓደኞቹ ጋር የበላው ይመስላቸው ነበር።

ሙከራው አልተደገመም። በሐምሌ 2005 ውላቸው አለቀ። የሦስት ዓመት ሥራቸው በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ ወደ ቤት መጣ። እኔ በመስከረም 2005 ስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ አበባ ይዘው ተቀበሉኝ።

አቶ አበጋዝ ከ2006 ጀምሮ በሮተርዳም ወደብ በአንድ የእህል ማራገፊያ በናሙና ቀጂነት አሥራ ስምንት ዓመት ሠሩ። ከመርከብ የሚወርደውን የፈረንሳይና የዩክሬን ገብስ በረጅም ቱቦ እየቀዱ በላስቲክ ከረጢት አሽገው ለሌላ ሰው ቤተ ሙከራ ያስረክቡ ነበር። በ2007 ወንድ ልጃቸው ሊባኖስ ተወለደ። ወይዘሮ ፀጋ በአረጋውያን እንክብካቤ እየሠሩ ቤቱን በትከሻቸው ተሸከሙ። እርሳው፣ ሰው ስንቱን ሳይጨርስ ይቀራል ይሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መርሳት አልተሰጣቸውም። ያቺን የጫጩቶቹን ውጤት ሠንጠረዥ እየከፈቱ የት ተሳሳትኩ ሲሉ ያመሹ ነበር። በ2012 ተለያዩ። ወይዘሮ ፀጋ ልጆቹን ይዘው አምስተርዳም አጠገብ ዲመን ገቡ፣ አቶ አበጋዝ ሮተርዳም ሻርሎይስ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ወይዘሮ ፀጋን በዚህ የምታሙ ሁሉ አሁን ምክንያቱን ሰምታችኋል።

እኔ ደን ሃግ ከተማ ተቀምጬ ነርስነት ተማርኩ። ቋንቋው ስለከበደኝ ወንድሜ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በባቡር እየመጡ ያስጠኑኝ ነበር። የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠኑን፣ ሙቀት የሚያበላሸውንና የማያበላሸውን። ዲፕሎማዬን በተቀበልኩ ቀን ከእኔ ይልቅ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ እሑድ አንድ ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ አሁን የማነበው ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር።

በ2013 የድሮ ጣቢያቸው ሰነፍ ቆሎን ለዶሮ መኖ ለገበሬው እናስፋፋው ወይ ብሎ ምክራቸውን ጠየቀ። ወንድሜ ያዩትን ነው የሚናገሩት። አይሆንም፣ ሞክሬው ወድቋል ብለው ሁለት ገጽ ጻፉ። ዕቅዱ ተሠረዘ። ከዓመታት በኋላ የሌላ አገር ሰዎች ገለፈት አልባው ገብስ ለጫጩት ምን ያህል እንደሚረባ የጻፉትን ይዘው ቤቴ መጡ። እንግዲያው የተረገመው የእኛው ገብስ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ወጥ እያወጣሁ ነበር። ማውጣቴን ቀጠልኩ።

በ2024 መገባደጃ ሳል ጀመራቸው። ሀውስአርትሳቸው፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ጉንፋን ነው እያለ አምስት ወር አመላለሳቸው። በመጨረሻ ሳንባቸው በእህል አቧራ ጠባሳ እንደሞላ ተነገራቸው። ያለፈውን ዓመት ከኦክሲጅን ጋር አሳለፉ። በጥር ወር ሮተርዳም ውስጥ ሕሙማን በመጨረሻ ቀናቸው ወደሚያርፉበት ቤት ገቡ። በዚያ ዓመት ውስጥ የጠየቃችኋቸውን በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥራችኋለሁ፤ ዛሬ እዚህ የማየው ሕዝብ ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ረሆቦት ባለችበት ነገርኳቸው። ደብዳቤውን፣ ምጣዱን፣ ስልኩን፣ ቪዛውን፣ ሁሉንም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ያለቅሳሉ ወይም ይጮሃሉ ብዬ ነበር። ሲገልጡት መጀመሪያ የጠየቁኝ ምጣዱ የብረት ነበር የሸክላ ብለው ነው። ከዚያ እሳቱ የእንጨት ነበር የኤሌክትሪክ፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይጨምሩ ነበር፣ ስንት ደቂቃ ያቆዩት ነበር አሉ። የማስታውሰውን መለስኩ። ረሆቦት «ፓፓ፣ ሩስተህ፣ ተረጋጋ፣ አንተ ደክሞሃል» ብትላቸው በእጃቸው ዝም አሰኟትና ስልኳን ተቀብለው ሲያሰሉ ቆዩ። ሲጨርሱ ስልኩን መለሱላት። ስሌቱ ገጥሞላቸው ነበር። ያ ሁሉ ጉድለት ከሙቀቱ የመጣ ነው፤ ገብሱም እሳቸውም አልተሳሳቱም።

«ሃያ አንድ ዓመት ገብሱን አማሁት» አሉ። ቀጥለውም «በታሪኬ ላይ ጻፊው። ጥሬ አልነበረም በይ። ከነስምሽ» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ፊታቸውን ወደ ረሆቦት አዞሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ቀድሜ ብነግራቸው ያንን ሁለት ገጽ ለጣቢያው ባልጻፉ፣ ሃያ አንድ ዓመት ቀድሜ ብነግራቸው ሙከራው በተደገመ፤ እኔ የነገርኳቸው ስድስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ለእሳቸው ደግ ለመሆን ሳይሆን፣ የእኔ ሸክም እንዲቀል ብዬ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሰው አይደለሁም ወይ ብዬ ልከራከር አልፈልግም።

ባለፈው ሳምንት ለጣቢያው ጻፍኩ። ደብዳቤዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል የሚል መልስ ደርሶኛል። ያንን ገብስ የሸጡልን ገበሬ ዘንድም በሰው አስጠይቄ ነበር፤ ማሳው ላይ ባሕር ዛፍ ተክለዋል።

ስለዚህ በኑዛዜያቸው መሠረት በዚህ ጉባኤ ፊት እናገራለሁ። አቶ አበጋዝ ዮሐንስ በ2004 የመረመሩት ሰነፍ ቆሎ ጥሬ አልነበረም። ታምሶ ነበር። ታምሶ እንደነበረ የማውቀው፣ ተጠይቄም የዋሸሁት እኔ ሽታዬ ዮሐንስ ነኝ። እሳቸው ስለ ገብሱ ያሰቡት ትክክል ነበር።

አቶ አበጋዝ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሐሙስ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። የረሆቦትና የሊባኖስ አባት ነበሩ። ወይዘሮ ፀጋ እስከ መጨረሻው ሰዓት አልጋቸው አጠገብ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። እግዚአብሔር እውነቱ በማይዘገይበት ስፍራ ያሳርፋቸው፤ ለልጆቻቸው የእሳቸውን ትዕግሥት ያውርስልን።

በእነዚያ ስድስት ቀናት ከአጠገባቸው አልተነሳሁም፤ ሙያዬም ነው፣ ወንድሜም ናቸው። ከተወለድኩ ጀምሮ አንቺ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ከዚያ ዓርብ በኋላ አንድም ቀን አንቺ አላሉኝም። ረቡዕ ማታ ከንፈራቸው ደርቆ አይቼ ውሃ ባቀርብላቸው፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚናገሩት በትሕትና «ለልጄ ይስጧት፤ እሷ ታጠጣኛለች። እርስዎ ይረፉ» አሉኝ።